«ያልተከፈተ» የሮኬት ሞተር በርካሽ ካያችሁ አትግዙ

ልጅ ሳላችሁ የሞዴል ሮኬት ታስወነጭፉ ከነበረና አሁን ከራሳችሁ ልጆች ጋር ልትመለሱበት ካሰባችሁ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ከግለሰብ እጅ የቆየ የሮኬት ሞተር፣ ማለትም ሮኬቱን የሚያስነሳውን ውስጡ የሚነድ ነገር ያለበት ትንሽ ቀፎ፣ አትግዙ። ዋጋው ቢያጓጓም፣ ማሸጊያው ባይከፈትም አትግዙ።

እዚህ አሜሪካ ሰው ይህን ነገር ሲተወው ወይም ቤተሰብ የአባቱን ቤት ሲያጸዳ ዕቃው ሁሉ በአንድ ካርቶን ተጠቅልሎ ኦንላይን ይወጣል። ሮኬቶች፣ ማስወንጨፊያ፣ ፓራሹት፣ ከታች ደግሞ የሞተር ክምር። ዋጋው ከአዲሱ ግማሽ በታች ይሆናል። ማስታወቂያው ላይ «ያልተከፈተ» የሚለው ቃል አይጠፋም።

እኔም ከብዙ ዓመት በኋላ ስመለስ እንዲህ ያለ ካርቶን ገዛሁ። የት ተቀምጦ እንደነበር ሻጩን ስጠይቀው «ቤት ውስጥ» አለኝ። መጀመሪያ የሞከርነው ትንሽ ሞተር ደህና ሄደ፣ ልጄም እየጮኸ ፓራሹቱን ሲያሳድድ ዋለ። ቀጥሎ በጉልበት ከፍ ያለውን፣ ዲ በሚል ፊደል የሚጠራውን ሞተር ገጠምን። ቁልፉ ሲጫን ሮኬቱ ከመነሳት ይልቅ እዚያው ፈነዳ። ክንፎቹ ተበተኑ፣ የታችኛው ቱቦ ተቀዶ ነደደ።

ማንም አልተጎዳም፤ ርቀን ቆመን ነበርና። በ1957 የተመሠረተው የአሜሪካ የሮኬት ማኅበር፣ ናር የሚባለው፣ በደህንነት ደንቡ እስከ ዲ ድረስ ላሉ ሞተሮች ቢያንስ 15 ጫማ፣ ከዚያ በላይ ላሉት 30 ጫማ ራቁ ይላል። ይህን ደንብ ከልጆች ጋር ስትሆኑ ለአንድ ደቂቃም አትርሱት። ሻጩ ጋ ስደውል «ያልተከፈተ ነው ብዬሃለሁ፤ አልዋሸሁህም» አለ። «ቤት ውስጥ» ያለው ደግሞ ጣሪያ ሥር ያለው አቲክ ሆኖ ተገኘ። ገንዘቤንም አልመለሰም።

ለምን እንደሚፈነዳ ማወቅ አለባችሁ፤ የሻጮቹ ወሬ ባዶ መሆኑ የሚታየው እዚህ ላይ ነውና። አብዛኞቹ ትናንሽ ሞተሮች ጥቁር ባሩድ ናቸው። ባሩዱ ወፍራም የወረቀት ቀፎ ውስጥ በኃይል ተጨምቆ ይገባል፤ ከታች ጋዙ የሚወጣበት የሸክላ ቀዳዳ አለ። ሞተሩ በትክክል እንዲሠራ ባሩዱ ከቀፎው ግድግዳ ጋር እንደተጣበቀ ሆኖ ከታች ወደ ላይ በሥርዓት መንደድ አለበት። አቲክ ውስጥ የተቀመጠ ሞተር ግን በሰመር ይግላል፣ በዊንተር ይበርዳል። ባሩዱና ወረቀቱ እኩል አይለጠጡም፣ እኩልም አይኮማተሩም። ይህ ሲደጋገም ልስን ከጭቃ ግድግዳ እንደሚላቀቅ ባሩዱ ከቀፎው ይላቀቃል፤ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። እሳቱ በዚያ ክፍተት ሾልኮ ይገባና መንደድ ከሚገባው በላይ ባሩድ በአንድ ጊዜ ያቀጣጥላል። ግፊቱ መውጫ ሲያጣ ወይ የሸክላውን ቀዳዳ ይተፋዋል፣ ወይ ቀፎውን ይቀደዋል፣ ወይ ወደ ላይ በርቅሶ በሮኬቱ ሆድ ውስጥ እሳት ይለቃል። በሮኬት ሰዎች ዘንድ ይህ «ኬቶ» ይባላል።

ጉዳቱ ከውጭ አይታይም። ፕላስቲኩ አለመከፈቱም ከሙቀት አያድነውም። ዕድሜ ብቻውን ሞተር አያበላሽም፤ ሙቀቱ በማይለዋወጥ ደረቅ ክፍል የከረመ የጥቁር ባሩድ ሞተር ከአሥርተ ዓመታት በኋላም ያለ ችግር ሊነሳ ይችላል። ግን የት እንደከረመ የምታውቁት ሻጩ ሲነግራችሁ ብቻ ነው። ቀፎው ላይ የታተመው ኮድ የተመረተበትን ጊዜ ይናገራል እንጂ ስለ አቲኩ አይናገርም።

ሌላም ነገር አለ። በእነዚህ ካርቶኖች ውስጥ የሚቀረው ብዙ ጊዜ የቀድሞው ባለቤት ያልፈለገው ሞተር ነው። ስሙን አንብቡ። ሲ6-5 ሲል ሲ አጠቃላይ ጉልበቱን ያሳያል፤ ፊደሉ አንድ በጨመረ ቁጥር የጉልበቱ ጣሪያ እጥፍ ይሆናል። 6 አማካይ ግፊቱ ነው፣ በኒውተን። መጨረሻ ላይ ያለው 5 ደግሞ ሞተሩ ነዶ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱ እስኪወጣ ያለው ሰከንድ ነው። መጨረሻው 0 ከሆነ ለባለ ብዙ ደረጃ ሮኬት የታችኛው ክፍል የተሠራ ነው። ብቻውን ከገጠማችሁት ፓራሹት የሚያወጣ ነገር የለውም፤ ሮኬቱ በአፍንጫው ቁልቁል ይመጣል። በኔ ካርቶን ውስጥ 0 የሆኑት ጥቂት አልነበሩም። ኤች ሞተርም ካገኛችሁ አትደሰቱ። ከኤች ጀምሮ ያለው ሁሉ ከናር ወይም ትሪፖሊ ከሚባለው ሌላ የሮኬት ማኅበር የብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃል።

«አሁን አይመረትም» የሚሏችሁንም አትመኑ። ልጅ እያለን የምናውቃቸው ኤ8-3፣ ቢ6-4፣ ሲ6-5 ዛሬም አዲስ ይሸጣሉ። በፖስታ እልክላችኋለሁ የሚል ግለሰብ ካለ ደግሞ ራቁት። የሮኬት ሞተር በአሜሪካ ሕግ አደገኛ ዕቃ ነው፤ ማንም ካርቶን ውስጥ ጨምሮ አይልከውም። አዲስ አበባ ላሉ የእህትና የወንድም ልጆች ልውሰድ ብላችሁም ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱ። ሮኬቱ ያለ ሞተር ሊያልፍ ይችላል፤ ሞተሩ ግን በእጅ ሻንጣም፣ በሚጫነውም ክልክል ነው።

ሮኬቶቹን ብቻ ከወደዳችሁ ሻጩን «ሞተሩን አውጥተህ ዋጋውን ቀንስልኝ» በሉት። ስትረከቡ አፍንጫውን ከቱቦው ጋር የሚያያዘውን ላስቲክ ሳቡት፤ የቆየ ላስቲክ ይደርቅና ይበጠሳል። እጥፋቱ ላይ የተጣበቀ የፕላስቲክ ፓራሹትም በአዲስ ይቀየር። ሞተሩን ከሱቅ፣ ወይም ክለቦች በሚያስወነጭፉበት ሜዳ ከሚሸጡ ነጋዴዎች ግዙ። እዚያ ሮኬታችሁን ሳይበር የሚያይ የደህንነት ኃላፊም ታገኛላችሁ። ለተመላሽ ሰው ይህ ከየትኛውም ቅናሽ ይበልጣል።

ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ «አንዱን ልሞክር» አትበሉ፤ ለሌላም አትሽጡት። የወረቀት ቀፎ ያለውን የጥቁር ባሩድ ሞተር ልጆች በማይደርሱበት ባልዲ ውስጥ ውኃ ሞልታችሁ ንከሩት። ወረቀቱ አብጦ እስኪተረተርና ባሩዱ እስኪፈርስ ይቆይ፤ ከዚያ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። የፕላስቲክ ቀፎ ያላቸው ወይም ከኤች ጀምሮ ያሉት በዚህ መንገድ አይወገዱም። እነሱን ሳትነኩ አስቀምጡና በአካባቢያችሁ ያለውን ክለብ ጠይቁ።