ዘመድ ወይስ ቅጥር ሥራ አስኪያጅ?

ጎንደር ላይ የባልትና ድርጅት መሥርተህ ሥራው ሲሰፋ ብቻህን አትችለውም። ጠዋት ቅዳሜ ገበያ በርበሬ መምረጥ፣ ከሰዓት አዘዞ ወፍጮው ጋ መሮጥ፣ ማታ ሒሳብ። ቤት ስትገባ ልጆቹ ተኝተዋል። ታዲያ ሥራውን ለማን ታካፍላለህ?

ዘመድ ቶሎ ይገኛል። ለጥምቀት ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ሌሊቱንም ይሠራልሃል። ጉዱ የሚመጣው ሲያጠፋ ነው። ለአጎትህ ልጅ ማስጠንቀቂያ ከጻፍክ ሽማግሌ ቤትህ ድረስ ይመጣል። ለቅሶ ላይም ሰርግ ላይም ትገናኛላችሁ። ዝም ካልክ ደግሞ ሌሎቹ ሠራተኞች ያዩሃል፤ ቀድመው የሚለቁት ጎበዞቹ ናቸው።

ቅጥሩ ደመወዙ ይከብዳል፤ የደንበኞችህን ጠባይ እስኪለምድም ጊዜ ይፈልጋል። ውሉን በጥንቃቄ ጻፈው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም። ስለዚህ ሥልጣኑ፣ የቼክ ፊርማው ገደብና የስንብቱ ሁኔታ በጽሑፍ ይስፈር።

እኔ ቅጥሩን እመርጣለሁ። ዘመድህ በርበሬ ካወቀ ግዢው ላይ ይቆይ፤ ገንዘቡና የሰው አስተዳደሩ ግን ለቅጥሩ ይሰጥ። መጀመሪያ ላይ ሠራተኞች እሱን አልፈው ወደ አንተ ይመጣሉ። መልሰህ ወደ እሱ ላካቸው። ለመሥራች ከሁሉ የሚከብደው ይኼ ነው፤ «ቆይ እኔ ልየው» ማለት ለምዶበታል።