ፖስተሬን ላተመልኝ የድሬ ልጅ

ከናይሮቢ በሰላም ተመለስኩ፣ ተመስገን! የደወላችሁልኝም የጸለያችሁልኝም ክበሩልኝ። ዛሬ ግን ለይቼ የማመሰግነው አንድ ሰው አለ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ የህትመት ቤት ያለው ልጅ ነው።

ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ጥናቴ ማሽላችንን በሚያደርቀው ጥገኛ አረም፣ በአቀንጭራ ላይ ነው። የናይሮቢው ኮንፈረንስ ጥናቴን በፖስተር፣ ማለትም በሚሰቀል ትልቅ ህትመት፣ እንዳቀርብ ተቀበለኝ፣ የጉዞ ድጋፍም ሰጠኝ። ቲኬቱንና ማደሪያውን እነሱ ቻሉ። የቀረውን ግን ከኪሴ አውጥቼ፣ በኋላ በደረሰኝ ነው የሚተኩልኝ። ለተማሪ ይሄ ከባድ ነው።

መጀመሪያ ሌላ ቤት አሳትሜ ግራፎቹ ተለጥጠው ወጡ። ደረሰኝም የለም ተባልኩ። ለበረራዬ ሦስት ቀን ሲቀረው ፍላሼን ይዤ፣ ደንገጎን ወርጄ ድሬ ገባሁ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ድሬ በሙቀቱ ሱቋን ዘግታ የምታርፍበት ሰዓት። ልጁም በሩን እየዘጋ ነበር። ፊቴን ሲያየው «ግቢ አቦ፣ እንየው» አለኝ።

ዝም ብሎ አላተመውም። ግራፉን ብቻ በትክክለኛ መጠኑ አውጥቶ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደና «እህቴ፣ ቁጥሩ ከዚህ አይነበብም» አለ። እውነቱን ነው። ምሳውን ትቶ አብሮኝ አስተካከለ። ፖስተሩ ኤ ዜሮ ነው፣ 84 በ119 ሳንቲሜትር ግድም። ወረቀት ከሆነ በቱቦ መያዝ አለበት። እሱ ግን በጨርቅ አተመልኝ፤ እንደ ነጠላ ታጥፎ የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ገባ።

የማሽን ደረሰኙን ሲሰጠኝ «ይሄ ወረቀት ሙቀት ካገኘው ጽሁፉ ይጠፋል፣ አሁኑኑ ፎቶ አንሺው» አለኝ። ስመለስ ደረሰኙ ግማሹ ነጥቷል። ገንዘቤ የተተካልኝ በዚያ ፎቶ ነው።

ናይሮቢ ላይ አንድ የኬንያ ተመራማሪ ግራፉን ከሩቅ አንብበው መጡ። እነሱም በቆሏቸውን የሚያጠቃው ይኸው አቀንጭራ ነው። ከየት እንደመጣሁ ስነግራቸው «የገቢሳ እጀታ ትምህርት ቤት!» አሉኝ። ፕሮፌሰር ገቢሳ የተማሩት በያኔው ዓለማያ፣ በአሁኑ ሐረማያ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙትም አቀንጭራና ድርቅ በሚቋቋም ማሽላ ነው። እዚያ ቆሜ ልቤ ሞላ።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ! ፖስተር ያላችሁ ተማሪዎች፣ ወደ እሱ ሂዱ። ከአራት ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ፋይሉን በፒዲኤፍ ያዙ። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።