ለብቻ የፀደይ ጉዞ፦ አምስት የአውሮፓ መዳረሻዎች ሲመዘኑ

በፀደይ ወደ አውሮፓ ለብቻው የሚሄድ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ሳምንት ሲሳሳት ነው። የስፔኗ ከተማ ሴቪያ በማርች አጋማሽና ሴቪያ በፋሲካ ሰሞን ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ አንድ ከተማ አይደሉም። ሁለት ሰው ሆኖ የሄደ የክፍሉን ዋጋ ይካፈላል፤ አንዱ ሻንጣ ሲጠብቅ ሌላው ይሰለፋል። ለብቻው የሄደ ግን ሙሉውን ይከፍላል፣ ስህተቱንም ብቻውን ይሸከማል። ስለዚህ እዚህ ላይ መዳረሻዎቹ የተመዘኑት በአራት ጥያቄ ነው፦ ለአንድ ሰው የሚሆን መቀመጫና ምግብ አለ ወይ? የአንድ ሰው ክፍል ይቀመሳል ወይ? ያለ መኪና ይዘለቃል ወይ? የትኛው ሳምንት ይበላሻል? ወሮቹ የአውሮፓውያን ናቸው፣ ሰዓቶቹም ትኬት ላይ በሚታተመው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። በዚህ ሁለተኛው ምክንያት የመግቢያ ሰዓቱ ያመለጠው ሰው ቀላል አይደለም።

አንደኛ ሴቪያ፣ ሳምንቱ ከተገኘ። ሚስጥሩ ባንኮኒው ነው። የአንዳሉሲያ፣ ማለትም የደቡብ ስፔን ሰው፣ ታፓ የሚባለውን በትንሽ ሳህን የሚቀርብ ምግብ የሚበላው ባንኮኒ ተደግፎ ቆሞ ስለሆነ፣ «ስንት ናችሁ?» የሚል ጥያቄ የለም፣ አራት ወንበር ያለው ጠረጴዛ ብቻውን ይዞ የሚሳቀቅም የለም። ስፒናች በሽምብራ በትንሽ ሳህን ይመጣል፣ ቀጥሎ ሳልሞሬሆ የሚባለው ወፍራም ቀዝቃዛ የቲማቲም ሾርባ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ቤት። በ1670 በተከፈተው ኤል ሪንኮንሲዮ አስተናጋጁ ሒሳቡን በጠመኔ እንጨቱ ባንኮኒ ላይ ይጽፋል፤ እያዘዙ ቁጥሩ እየረዘመ ይሄዳል፣ ሲከፈል በጨርቅ ይጠፋል። ፓኤያ የሚባለው የስፔን የሩዝ ምግብ ግን ለብቸኛ መንገደኛ አይመከርም። ሜኑው ላይ ብዙ ጊዜ «ቢያንስ ለሁለት ሰው» ይላል፤ ለአንድ ሰው በአምስት ደቂቃ ከች ካለ ደግሞ ተሠርቶ ከርሞ የሞቀ መሆኑን መጠርጠር ነው። የራት ኩሽና የሚከፈተው ከ20፡30 ወዲያ ነው። በ18፡00 የራበው ሰው የሚያገኘው ፎቶ የተለጠፈበት ሜኑ ያላቸውን የቱሪስት ቤቶች ብቻ ነው፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ቀምሶ መቆየት ይሻላል።

አሁን ወደ ሳምንቱ። የመራራ ብርቱካን ዛፎቹ የሚያብቡት በማርች ነው፤ ሽታው በተለይ ሲመሽ መንገዱን ሁሉ ይሞላዋል። (ፍሬው ለማርማላታ እንጂ ለአፍ አይሆንም፤ ከመንገድ ዳር ቀጥፎ የነከሰ ሰው ፊቱ ይናገራል።) ከዚያ ሕማማት ይመጣል፣ እነሱ ሴማና ሳንታ የሚሉት። በምዕራቡ አቆጣጠር ፋሲካ በ2026 ኤፕሪል 5፣ በ2027 ማርች 28 ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ሳምንት ሙሉ የሃይማኖት ማኅበራት ሰልፍ ከከሰዓት ጀምሮ እስከ ሌሊት መንገዱን ይዘጋዋል። ሰልፉ ራሱ ግሩም ነው፤ ለማየት የመጣ ይምጣ። ከተማዋን ለማየት የመጣ ግን አሥር ደቂቃ የምትፈጀውን መንገድ በአንድ ሰዓት ይሄዳታል፣ የክፍል ዋጋውም አይቀመስም። ሰልፉ ካለፈ በኋላ እንኳ ከሻማዎቹ የተንጠባጠበው ሰም ድንጋዩ ላይ ይቀራል፤ ጫማ ሲረግጠው ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ያዳልጣልም። ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ አይደረግ።

ፌሪያ የሚባለው የከተማዋ የፀደይ በዓል የሚመጣው ከፋሲካ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ነው። ፎቶው ያማልላል፦ ባለ ነጠብጣብ ቀሚስ፣ ፈረስ፣ የመብራት ጌጥ። ችግሩ ካሴታ የሚባሉት ከሺህ የሚበልጡ ድንኳኖች አብዛኞቹ የቤተሰብና የማኅበር መሆናቸው ነው። በር ላይ ጠባቂ አለ፤ የሚጋብዝ ወዳጅ የሌለው አይገባም። ለሁሉም ክፍት የሆኑት ጥቂት ድንኳኖች ይጨናነቃሉ። ሳይጠሩ ሰርግ ቤት ደጃፍ ቆሞ ዘፈን እንደማዳመጥ ነው። ለብቻ የሚሄድ ሰው እንግዲህ ሁለት ደህና መስኮት አለው፦ ከሕማማት በፊት ያለው ማርች፣ ወይም ፌሪያ ካለቀ እስከ ሜይ አጋማሽ። ከዚያ በኋላ ፀሐዩ ከሰዓት በኋላ ከክፍል አያስወጣም።

የአልካዛር ቤተ መንግሥት ትኬት በሰዓት የተመደበ ስለሆነ ቀድሞ ኢንተርኔት ላይ መቁረጥ ነው፤ የመጀመሪያውን የጠዋት ሰዓት ያዙ፣ ቡድኖቹ ሳይደርሱ አትክልት ቦታው ባዶ ነው። ፓስፖርትም ከእጅ አይጥፋ። የካቴድራሉ ማማ ሂራልዳ እስከ ጫፉ ጥቂት እስኪቀር ድረስ ደረጃ የለውም፣ ጠመዝማዛ መወጣጫ ነው፤ ማማው የመስጊድ በነበረበት ዘመን አዛን የሚያሰማው ሙአዚን በፈረስ እንዲወጣ ተብሎ እንደተሠራ ይነገራል። ጉልበት ለሚያማቸው መልካም ዜና። አንድ ቀን ለጎረቤቷ ከተማ ለኮርዶባ ይመደብ፤ በፈጣኑ ባቡር 45 ደቂቃ ገደማ ነው፣ በሜይ የመጀመሪያ ሳምንታትም የመኖሪያ ቤቶች ግቢ በአበባ ተሸፍኖ ለጎብኚ ይከፈታል።

ቱሊፕ ለማየት ኔዘርላንድስ የሚሄድ ሰው ደግሞ አምስተርዳም ማደር የለበትም። ይሄ እኛ ሳናወላዳ የምንሰጠው ምክር ነው። አምስተርዳም ከ2024 ጀምሮ የክፍሉን ዋጋ 12.5 በመቶ የቱሪስት ግብር ታስከፍላለች። የፖርቱጋል ዋና ከተማ ሊዝበን ግን የምታስከፍለው በነፍስ ወከፍ ነው፣ ለአንድ ሌሊት 4 ዩሮ። ልዩነቱን ልብ በሉ፦ በሰው የሚቆጠር ግብር ብቸኛውን አይጎዳም፤ በክፍል ዋጋ የሚሰላው ግን ሁለት ሰው የሚካፈለውን ሸክም አንድ ሰው ላይ ይጭናል። ከአምስተርዳም ይልቅ በቅርቧ ባለችው በላይደን ከተማ ማደር ይሻላል። ከስኪፕሆል አየር ማረፊያ በባቡር ሩብ ሰዓት ገደማ ነው፣ ቦዮቹም የተማሪዎቹም ካፌዎች አሉ፤ ወደ ኮይከንሆፍ የአበባ መናፈሻም 854 ቁጥር አውቶቡስ ከባቡር ጣቢያው ይነሳል።

ኮይከንሆፍ የሚከፈተው ከማርች ሦስተኛ ሳምንት እስከ ሜይ ሁለተኛ ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። 32 ሄክታር መሬት ላይ 7 ሚሊዮን ያህል ሽንኩርት የሚመስል የአበባ ሥር በየዓመቱ በእጅ ይተከላል። ዘዴው በድርብርብ መትከል ነው፦ ዘግይቶ የሚያብበው ከታች፣ ቀድሞ የሚያብበው ከላይ። አንዱ ሲረግፍ ሌላው ከሥሩ ይነሳል፤ ስለዚህ መናፈሻው ውስጥ በየትኛውም ሳምንት ባዶ አፈር አይገጥምም። ከመናፈሻው ውጪ ያሉት ሰፋፊ የእርሻ ማሳዎች ግን እንዲህ አይደሉም፣ ብዙ ሰው የሚያዝነውም እዚህ ላይ ነው። ገበሬው የሚሸጠው ሥሩን እንጂ አበባውን አይደለም። አበባው ፈክቶ ጤናማነቱ ከታየ በኋላ ጉልበቱ ወደ ሥሩ እንዲመለስ በማሽን ራስ ራሱን ይቆርጠዋል። ትናንት ቀይ የነበረው ማሳ ዛሬ አረንጓዴ ነው። ለማሳው የሚሄድ ከኤፕሪል አጋማሽ ጀምሮ ያሉትን ሁለት ሳምንታት ይያዝ፤ በሜይ ለማሳ የሚሄድ ግንድ ቆጥሮ ይመለሳል። ማሳ ውስጥ ገብቶ ፎቶ መነሳት ክልክል ነው፤ ጫማ የአበባ በሽታ ከማሳ ወደ ማሳ ያዛምታል።

ኤፕሪል 27 የንጉሡ ቀን የሚባለው የኔዘርላንድስ በዓል ነው (እሑድ ከዋለ ወደ 26 ይዞራል)። የዚያን ቀን ወደ አምስተርዳም የሚሄድ ባቡር እግር ማስገቢያ የለውም፤ ሻንጣ ይዞ ከተማ ለመቀየር የመጨረሻው ቀን ነው። ሌላው ወጥመድ የባቡሩ ካርድ ማንበቢያ ነው። የባንክ ካርድ ሲገቡም ሲወጡም ማስነካት ግድ ነው፤ መውጫው ላይ የረሳ ሰው የሄደበትን ሳይሆን 20 ዩሮ ይቆረጥበታል። ትንንሽ ጣቢያዎች ላይ በር ስለሌለ መርሳት ቀላል ነው። የአን ፍራንክ ቤት (በናዚ ዘመን ተደብቃ ማስታወሻ የጻፈችው አይሁዳዊት ልጅ መሸሸጊያ፣ አሁን አምስተርዳም ያለ ሙዚየም) ትኬት በየሳምንቱ ማክሰኞ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ላለው ጊዜ ይለቀቃል፤ በር ላይ አይሸጥም። እዚህ ላይ ብቸኝነት ይጠቅማል፦ ሁለት ቦታ ባንድ ላይ ባልተገኘበት ሰዓት አንዲት ትኬት ትገኛለች።

ሊዝበን ለአራት ቀን ጥሩ ናት። ለአሥር ቀን ግን ያለ ጓደኛ ዳገቱ ያሰለቻል። መንገዱ የተነጠፈው በነጭ የኖራ ድንጋይ ኮብልስቶን ነው፤ የብዙ ዓመት እግር አልሶታል፣ የኤፕሪል ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ነው። ቦት ጫማ፣ ትንሽ ሻንጣ፣ ዳገት ሥር ያለ ማረፊያ። 28 ቁጥር ትራም ፖስት ካርድ ላይ ያምራል፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ኪስ አውላቂዎች የሚሠሩበት ዋና ቦታ ነው። መሳፈር ግድ ከሆነ በማለዳ፣ ከካምፖ ደ ኦሪኬ ጫፍ። ምግብ ቤት ሲቀመጡ ሳይታዘዝ የሚመጣው ዳቦ፣ ወይራና አይብ ነፃ አይደለም፤ ካልነኩት ግን አይከፈልም፣ መልሱልኝ ማለት ነውር የለውም። «መያ ዶዝ» ማለት ግማሽ ድርሻ ነው፤ ለአንድ ሆድ ይበቃል፣ ሙሉው ብዙ ጊዜ የሁለት ሰው ነው።

የቤተ መንግሥቶቹ ከተማ ሲንትራ ከሊዝበኑ ሮሲዮ ጣቢያ በባቡር 40 ደቂቃ ነው። የፔና ቤተ መንግሥት ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የመናፈሻው በር ሰዓት አይደለም፣ የሕንፃው መግቢያ ነው፤ በሁለቱ መካከል የግማሽ ሰዓት ዳገት አለ። ትኬቱ ላይ 10፡00 የሚል ሰው 10፡00 ላይ ታች በር ከደረሰ ረፍዷል፣ ያረፈደም አይገባም። ኤፕሪል 25 የፖርቱጋል የ1974ቱ አብዮት መታሰቢያ፣ ሜይ 1 የሠራተኞች ቀን ነው፤ በተለይ ሜይ 1 ቀን ሙዚየም ላይ ተስፋ አይጣል።

አቴንስ በኤፕሪል አዎ፣ ደሴቶቹ ገና። ባሕሩ ከክረምት አልሞቀም፣ ጀልባዎቹም ከሜይ ወዲያ እንጂ አይበዙም። አክሮፖሊስ የሚባለው ኮረብታ ላይ ያለው ጥንታዊ ፍርስራሽ መግቢያው 30 ዩሮ ነው፣ በሰዓት የተመደበ፤ በኦርቶዶክስ ፋሲካ እሑድ ዝግ ነው (በ2026 ኤፕሪል 12፣ በ2027 ሜይ 2)። እብነ በረዱ ላይ በሚያዳልጥ ጫማ የሚወጣ ሰው በየቀኑ አይታጣም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ለሚወጣ፣ ቶሎ ለሚደነግጥም፣ የስሎቬኒያ ዋና ከተማ ሊዩብሊያና ናት መልሱ። መሐል ከተማው መኪና አይገባበትም፣ ሁሉም በእግር ነው፣ በሌሊት ወደ ማረፊያ መመለስ አያስፈራም። ዓርብ ዓርብ፣ አየሩ ደህና ከሆነ፣ ገበያው አደባባይ ላይ ምግብ ቤቶች ድንኳን ይጥላሉ፤ ቆሞ መብላት ስለሆነ እንደ ሴቪያ ባንኮኒ ብቸኛን አያሳጣም። ጉድለቷ ዝናቡ ነው፣ ሦስት ቀን ካለፈ ደግሞ መደጋገሙ። ወደ ብሌድ ሐይቅ በአውቶቡስ ሂዱ፤ የባቡሩ ጣቢያ ስሙ ሌስትሴ ብሌድ ቢባልም ከሐይቁ 4 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሐይቁ መሐል ወዳለችው ደሴት የምትወስደው ፕሌትና የምትባለው ጀልባ ሰው ሳይሞላ አትነሳም፤ በሥራ ቀን ጠዋት ብቸኛው መንገደኛ ቡድን እስኪመጣ ዳር ላይ ይቀመጣል። ቅዳሜ ይሻላል። ፖስቶይና ዋሻ ውስጥ ጉብኝቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ ሙቀቱም ዓመቱን ሙሉ 10 ዲግሪ ገደማ፤ ውጪው ቢሞቅም ጃኬት ይያዝ።

ቪዛ ለሚያስፈልገው፣ ምርጫው ከወረቀቱ ጋር ይጋጠም። የሼንገን (ያለ ድንበር ቁጥጥር የተሳሰሩት የአውሮፓ አገሮች) ቪዛ ማመልከቻ የሚገባው ብዙ ሌሊት ለሚታደርበት አገር ነው፤ ሌሊቶቹ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ ለሚገቡበት። አምስት ሌሊት ሴቪያ፣ አምስት ሌሊት ላይደን ያለ ሰው ይሄን ጥያቄ ራሱ ፈልጎ ያመጣዋል፤ ስድስትና አራት ቢያደርገው ጣጣ የለውም። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ነው፣ ውሳኔው በመደበኛው 15 ቀን ሆኖ እስከ 45 ሊራዘም ይችላል። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት፣ ቀኖቹም ከመግቢያ እስከ መውጫ አንድም ሳይጎድል። ስለዚህ ቪዛው እስኪወጣ የሚሰረዝ ክፍል ብቻ ይያዝ፤ ርካሹ የማይመለሰው ዋጋ ለዚህ ሰው ርካሽ አይደለም። የፈጣን ባቡርና የአልካዛር ትኬት ከቪዛው በኋላ ይደርሳል። የሚቀያይሩት በረራ ካለ ግን ቀድሞ ይታሰብበት፦ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ በየደረጃው ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የመግቢያና መውጫ ምዝገባ መጀመሪያ በሚያርፉበት የሼንገን አየር ማረፊያ ፎቶ ይወሰዳል፣ ለቪዛው የተሰጠው አሻራም ይመሳከራል፤ በአንድ ሰዓት ክፍተት የተቆረጠ ቀጣይ በረራ እዚያ ሰልፍ ላይ ያመልጣል። ሦስት ሰዓት ይተውለት።