ቦሮው ወይስ ሌንድ?

ድሬዳዋ ከዚራ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር የሰፈር ልጆችን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ባለፈው አንዷ እጇን ዘርግታ እስክሪብቶ ጠየቀችኝ። «ቦሮው ሚ ዩር ፔን» አለች። «ሌንድ ሚ» ነው የሚባለው።

ስህተቱ አይገርመኝም። በአማርኛ ሁለቱ ግሶች የአንድ እናት ልጆች ናቸው። «ተዋሰ» እና «አዋሰ» የሚለያዩት በመነሻቸው ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ግን ጭራሽ የማይመሳሰሉ ሁለት ቃላት ያመጣል። ቦሮው የተቀባዩ ነው፤ «ፍሮም» ይከተለዋል፣ እንደኛ «ከ»። ሌንድ የሰጪው ነው፤ እሱን «ቱ» ይከተለዋል፣ እንደኛ «ለ»። ኃላፊ ጊዜው «ሌንት» ነው። አሜሪካኖች በሌንድ ፈንታ «ሎን»ም ይላሉ።

እኔን ደስ የሚለኝ ሌላው ልዩነት ነው። ጎረቤቴ ጀበና ስትወስድ «ተዋሰች» እንላለን፤ ያው ጀበና ይመለሳልና። አንድ ስኒ ስኳር ስትወስድ ግን «ተበደረች» ነው። ያ ስኳር ከቡናው ጋር ተጠጥቷል፤ የሚመለሰው ሌላ ስኳር ነው። ብርም እንደዚያው፤ የሰጠኸው ኖት ራሱ አይመለስልህም። እንግሊዝኛ ለሁሉም ቦሮው ብሎ ያልፋል። እዚህ ላይ አማርኛችን ይበልጣል ባይ ነኝ።

ልጅቷን እንዲህ አልኳት፦ «‹ያውሱኝ› ስትይ ሰጪው እኔ ነኝ፣ ሌንድ በይ። ‹ልዋስ› ስትይ ተቀባይዋ አንቺ ነሽ፣ ቦሮው በይ።»

ትንሽ አሰበች። «ሜይ አይ ቦሮው ዩር ፔን?»

እስክሪብቶውን ሰጠኋት።