ትሮፖኒን ካሴት፦ “ኔጌቲቭ” ሲል ስንት ማለቱ ነው?

የእርግዝና መመርመሪያ የለመደ ሰው የትሮፖኒን አይ (የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚገባ ፕሮቲን) መመርመሪያ ካሴትን ሳይቸገር ይሠራዋል። ፍሪጅ ውስጥ ከነበረ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠበቃል፣ ሜዳ ቦታ ላይ ይቀመጣል፣ መመሪያው ባለው ልክ ሴረም (ደም ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ) ይንጠባጠብበታል (ብዙዎቹ 2 ወይም 3 ጠብታ ነው የሚሉት)፣ በ10 እና በ15 ደቂቃ መካከል ይነበባል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ብቅ ያለች መስመር አትቆጠርም። “ሲ” (ካሴቱ መሥራቱን የሚያሳየው ቦታ) ላይ መስመር ካልወጣ ካሴቱ ይጣላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ናሙናው አንሶ ነው።

እስከዚህ ዕቃው ጥሩ ነው። ጣጣው መመሪያው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈችው፣ ካሴቱ ፖዘቲቭ ማለት የሚጀምርባት ቁጥር ናት፦ 0.5 ናኖግራም በሚሊ ሊትር፤ አንዳንዱ ላይ እንዲያውም 1። 0.5 ማለት በሊትር 500 ናኖግራም ነው። የአቦት ኩባንያ ሃይ ሴንሲቲቭ (ጥቂቱን ትሮፖኒን እንኳ የሚለካ) የላብራቶሪ ማሽን ግን ወሰኑ በሊትር 26 ናኖግራም ነው፤ ለሴት 16፣ ለወንድ 34። 80 ወይም 300 የደረሰ ታማሚ በካሴቱ “ነጻ” ተብሎ ይወጣል ማለት ነው።

በኮቪድ-19 የጠና ሰውን ዕድል የሚያመለክተው ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚህ ክፍተት ውስጥ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከቻይናዋ ውሀን ከተማ በወጣ ጥናት፣ ትሮፖኒን ከተለካላቸው ውስጥ ከሟቾቹ 46 በመቶ፣ ከዳኑት ግን 1 በመቶ ብቻ በሊትር ከ28 ናኖግራም በላይ ነበራቸው። በዚያው ከተማ በሌላ ሆስፒታል ከ416 ታማሚዎች 82ቱ ልባቸው ተጎድቶ ነበር፤ ከእነሱ 51.2 በመቶ፣ ከቀሩት 4.5 በመቶ ሞተዋል።

ማሽኑም ቢሆን ምክንያቱን አይነግርም። የኦክስጅን እጥረት፣ የሳንባ ደም መርጋት፣ የልብ ጡንቻ ብግነት፣ የኩላሊት ድካም ሁሉም ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ ይደገማል፤ መጀመሪያውኑ ከፍ ያለ ከነበረ ከ20 በመቶ በላይ ለውጥ አዲስ ጉዳትን ያመለክታል። ደሙ በደንብ ሳይረጋ ሴንትሪፉጅ (ደሙን አሽከርክሮ የሚለየው መሣሪያ) ከገባ የቀረው ፋይብሪን (ደም ሲረጋ የሚሠራው ክር መሳይ ፕሮቲን) ቁጥሩን በሐሰት ይሰቅለዋል፤ ይህ ስሕተት ከሚገመተው በላይ ያጋጥማል።

ካሴቱ ማሽን የሌለበት ክሊኒክ ውስጥ፣ ደረቱን ካመመው ሰዓታት ላለፉት ሰው ይጠቅማል፤ ፖዘቲቭ ካለ ሪፈር ነው፣ ኔጌቲቭ ቢልም ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) አይቀርም። በቫይረስ ለጠና ታማሚ ግን ሴረሙን ማሽን ወዳለበት መላክ ይሻላል። ካሴት የሚጠቀም ላብራቶሪም ውጤቱ ላይ “ኔጌቲቭ” ብሎ አይለፍ፤ “ከ0.5 በታች” ብሎ ይጻፍ።