ከወር አበባ በፊት ለሚመጣ ብርቱ ቁጣ ሕክምና የሚሰጥ የከዚራ ክሊኒክ

በድሬዳዋ ከዚራ የሚገኝ አንድ የግል የሴቶች ክሊኒክ ከወር አበባ በፊት የሚመጣን ብርቱ ቁጣና የስሜት መለዋወጥ እንደ ጠባይ ጉድለት ሳይሆን እንደሚታከም ሕመም ስለሚያየው፣ እንደ እኔ ለተቸገረች ሴት ሁሉ ያለ ማመንታት እጠቁመዋለሁ። ቀደም ሲል በሄድኩበት ሌላ የጤና ተቋም፣ የወር አበባዬ ሊመጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው ልጆቼ ላይ እንደምጮህ፣ ከባለቤቴ ጋር በረባ ባልረባው እንደምጣላ፣ ደሙ ከመጣ በኋላ ግን ሰላም እንደምሆን ስናገር፣ የድሬ ሙቀት ነው፣ ውኃ ጠጪ ተብዬ ተመልሻለሁ።

የክሊኒኩ ትልቁ ብርታት ምርመራው ላይ ነው። ሐኪሟ በመጀመሪያው ቀን መድኃኒት አላዘዙልኝም፤ በየማታው የምሞላው ቅጽ ሰጡኝ። በቅጹ ግራ በኩል ቀኖቹ በእኛ አቆጣጠር ተዘርዝረዋል፤ ከላይ ቁጣ፣ ሐዘን፣ ጭንቀት፣ እንቅልፍ፣ የጡት ሕመም እያለ ይቀጥላል፤ ለእያንዳንዱም እንደ ክብደቱ ከ1 እስከ 6 ይሞላል። ሁለት የወር አበባ ዑደት ካለፈ በኋላ ቅጹን አብረን ስናየው፣ ቁጣ በሚለው ሥር 5 እና 6 ከወር አበባው በፊት ባሉት ቀኖች ላይ ተሰብስበው፣ ደሙ በመጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ 1 ወርደዋል። ወሩን ሙሉ የማይለቅ ድባቴ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ እንዲህ አይወርድም ነበር። ሕመሙ ፕሪሜንስትሯል ዲስፎሪክ ዲስኦርደር እንደሚባል፣ በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ራሱን ችሎ እንደተመዘገበ፣ በ2019 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ እንደተካተተ የነገሩኝ እዚያው ነው። የሆርሞን መጠን የሚለካ ውድ የደም ምርመራም አላዘዙም፤ በዚህ ሕመም የሆርሞኑ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ጤናማ ነው፣ ችግሩ አእምሮ ለተለመደው መውጣትና መውረድ የሚሰጠው ምላሽ ነው።

የታዘዘልኝ ፍሎክሰቲን የተባለ የድባቴ መድኃኒት ነው። ለድባቴ ሲወሰድ ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ቢፈጅም፣ ለዚህ ሕመም ግን በቀናት ውስጥ ስለሚሠራ ከወር አበባው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ብቻ መውሰድ ይቻላል። መጀመሪያ ላይ አቅለሽልሾኝ ነበር፤ ኋላ ተወኝ። ቁጣው ፈጽሞ አልጠፋም፤ ሆኖም ልጄ ወተት ሲደፋ ከመጮኼ በፊት ጨርቅ ለማንሳት የሚበቃ ፋታ አገኘሁ፣ ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሐኪሟ ባለቤቴንም አስጠርተው በዚያ ሳምንት የገንዘብና የዘመድ ጉዳይ እንዳያነሳብኝ በትሕትና መክረውታል። ራሴን የመጉዳት ሐሳብ ይመጣብኝ እንደሆነም በግልጽ ጠይቀውኛል፤ እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚመጣባት ሴት ቅጹ እስኪሞላ ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለባት።

ሊታረም የሚገባው ካርድ ክፍሉ ነው። ሠራተኛዋ በመስኮቱ በኩል፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማ፣ ምንሽን ነው የሚያምሽ ብላ ትጠይቃለች፤ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ይህ ብዙ ሴት ከበር ያስመልሳል። የንግግር ሕክምናም በክሊኒኩ ስለሌለ ለእሱ ወደ ሌላ ቦታ ይልካሉ። ለመሄድ ያሰባችሁ ከዛሬ ማታ ጀምራችሁ ስሜታችሁንና የወር አበባችሁን ቀን በደብተር መዝግቡ፤ ሐኪሟ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱኑ ነው።