ልካችንን ለሚመልሱብን የጥርስ ቴክኒሺያን

ክራውን ያስገባ ሰው የሚያመሰግነው ሐኪሙን ነው። ዋጋው በዛ ብሎ የሚያማርረውም በሐኪሙ ነው። ክዳኑን በእጃቸው የሠሩት ቴክኒሺያን ግን ከታካሚው ጋር ተያይተው አያውቁም። ይህ እኛ ሥራ የምንልክላቸው የጥርስ ሐኪሞች ለእሳቸው የጻፍነው ምስጋና ነው። ስሜን አታውጡ ስላሉን አናወጣም። «አንድ ጥርስ ለማልበስ ይህን ያህል ብር?» ለምትሉንም መልሱ እዚሁ አለ፤ የእሳቸውን ሥራ ሳያሳዩ የክራውንን ዋጋ ማስረዳት አይቻልምና።

ክራውን በተሞረደ ጥርስ ላይ የሚደፋ ቆብ ነው። ሰው የሚያየው ቀለሙን ነው፤ ዕድሜውን የሚወስነው ግን ጠርዙ ነው፤ ማለትም ድዱ አጠገብ ክዳኑና ጥርሱ የሚገናኙበት መስመር። በሙያው ተቀባይነት ያለው ክፍተት እስከ 120 ማይክሮን ነው፤ አንድ ሚሊሜትር 1000 ማይክሮን መሆኑን አስታውሱ። ክፍተቱ ሲሰፋ ማጣበቂያው በምራቅ እየታጠበ ያልቃል፣ ምግብና ባክቴሪያ ይገባል፣ ክዳኑ እያብረቀረቀ ከሥሩ ያለው ጥርስ ይበላል። ሩት ካናል የተሠራለት ጥርስ ከሆነ ነርቭ ስለሌለው አያምም። የሚታወቀው አንድ ቀን እንጀራ ሲያኝኩ ክዳኑ ከነጉቶው ተሰብሮ እጅ ላይ ሲቀር ነው።

አሁን ቴክኒሺያናችን ምን እንደሚያደርጉ እዩ። የላክነው የሲሊኮን ልክ፣ ማለትም ከታካሚው አፍ የወሰድነው የጥርሱ ቅርጽ፣ ሲደርሳቸው ጀሶ ከማፍሰሳቸው በፊት በአጉሊ መነጽር ያዩታል። ልኩ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል አረፋ ካለች ጀሶው ላይ እብጠት ሆና ትወጣለች፤ ክዳኑም እዚያ ቦታ ላይ ይሰፋል። አረፋዋ ጀሶው ውስጥ ከሆነች ደግሞ በተቃራኒው ጉድጓድ ትሆናለች፤ ክዳኑ ውስጡ ኪንታሮት ያወጣና አልቀመጥ ይላል። ጀሶው ሲደርቅ የተሞረደውን ጥርስ ለብቻው ይቆርጡታል፣ ከጠርዙ በታች ያለውን የድድ ቅርጽ ፍቀው ያነሳሉ፣ ከዚያ በቀይ እርሳስ ዙሪያውን ያሰምራሉ። እርሳሱ ሳይነሳ ዞሮ ከተነሳበት ቦታ ከደረሰ ልኩ ጥሩ ነው። መንገድ ላይ ከቆመ የክሊኒኩ ስልክ ይጠራል፤ «ዶክተር፣ በምላስ በኩል ጠርዙ አይነበብም፤ ልኩን ድገሙት።»

ይህን ስልክ መደወል ቀላል አይምሰላችሁ። ላብራቶሪ የሚኖረው ሐኪም በሚልከው ሥራ ነው፤ ደንበኛን «ተሳስተሃል» ማለት ሥራ ያሳጣል። የጎደለችውን መስመር በግምት ሞልቶ ክዳኑን በቀጠሮው ቀን ማስረከብ ይቻላል፤ ያን ቀን ማንም አይነቃም። ዳፋው የሚመጣው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በታካሚው ላይ ነው።

ጥፋቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የእኛ የሐኪሞች ነው። ልክ ከመወሰዱ በፊት ድዱን ገለል የሚያደርግ ቀጭን ክር ይገባል፤ ክሩን ለደቂቃዎች ሳንተው ከቸኮልን፣ ወይም ድዱ እየደማ ልክ ከወሰድን ሲሊኮኑ እርጥበት ስለማይወድ ጠርዙን አይዝም። አልጂኔት የሚባለው ርካሹ የልክ ዱቄትም ለተቃራኒው መንጋጋ ይበቃል እንጂ ለክራውኑ ጥርስ አይሆንም፤ ውኃው ሲተን ይኮማተራል። ሌላው የቁመት ጉዳይ ነው። የሸክላና ብረት ክራውን ከማኘኪያው ገጽ 2 ሚሊሜትር ያህል ቦታ ይፈልጋል፤ ዚርኮኒያ የሚባለው ነጭ ክዳን ከ1 እስከ 1.5። ለታካሚው አዝነን 0.7 ብቻ ከሞረድን ቴክኒሺያኑ ያላቸው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ሸክላውን አሳስተው የሚሰነጠቅ ክዳን መሥራት፣ ወይ ንክሻውን ከፍ ማድረግ። እሳቸው ሁለቱንም እምቢ ብለው ውፍረቱን በካሊፐር ለክተው በወረቀት ጽፈው ይልኩልናል። ወረቀቷ ስታሳፍር!

ስለ ዓይነቱ እንነጋገር። የሸክላና ብረት ክራውን ብረቱ ከውስጥ፣ ሸክላው ከላይ ነው፤ የቆየና የተፈተነ ነው። ድክመቱ ሸክላው ሊፈነቀል መቻሉና ድድ ሲሸሽ ጥቁር መስመር መታየቱ ነው። ብረቱ ኒኬል ካለበት ጌጥ ሲያደርግ የሚያሳክከው ሰው አስቀድሞ ይናገር። ዚርኮኒያ ከሁሉም ጠንካራው ነጭ ክዳን ነው፤ ለመንጋጋ ጥሩ ነው። ኢማክስ የሚባለው የመስታወት ሸክላ ብርሃን የሚያሳልፍ በመሆኑ ለፊት ጥርስ ያምራል። ሙሉ ብረት ለመጨረሻው መንጋጋ ምንም አያሳፍርም፤ ጥርስ ብዙ አያስሞርድም፣ አይሰበርም፣ ሲስቁም አይታይም። ብር ላጠረው ሰው ከመጥፎ ዚርኮኒያ ጥሩ ብረት ይሻለዋል ብለን በግልጽ እንመክራለን።

«ለምን ሳምንት ይፈጃል?» ለሚለው፦ ዚርኮኒያ ሲቀረጽ እንደ ጠመኔ የለሰለሰ ነው። እቶን ውስጥ ሲገባ ከ20 እስከ 25 በመቶ ስለሚኮማተር በዚያው ልክ አተልቀው ይቀርጹታል። ከዚያ በ1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሌሊቱን ሲበስል ያድራል፤ በችኮላ ቢቀዘቅዝ የማይታይ ስንጥቅ ይዞ ይወጣል። ማቅለሙና ማለስለሱ ገና ይቀራል።

ገንዘቡስ የት ገባ? ሲሊኮኑ፣ የዚርኮኒያው ዲስክ፣ የመሞረጃው ጫፍ፣ ማጣበቂያው፣ ሁሉም ከውጭ በዶላር የሚገባ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ የዕቃው ዋጋ የናረው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ የላብራቶሪው ክፍያ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀጠሮ፣ ጊዜያዊ ክዳኑ፣ ራጁ አለ። ስለዚህ ዋጋ ስታነጻጽሩ «በጥርስ ስንት?» ብላችሁ አትቁሙ። ሩት ካናሉና የጉቶው ሙሌት ተደምሯል ወይ? ጊዜያዊ ክዳን አለው? ጠርዙ ካልገጠመ የሚደገመው በማን ወጪ ነው? በጣም ርካሽ የሆነው ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱን የዘለለ ነው።

የማያስፈልግ ክራውንም አለ። ከድድ በላይ ዙሪያውን 2 ሚሊሜትር ያህል ጤነኛ ጥርስ ካልቀረ ክዳኑ የሚይዘው የለውም፤ ገንዘባችሁን ከማፍሰሳችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። ከወንጂ ወይም ከዝዋይ አካባቢ፣ ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ እየጠጡ ያደጉ ወጣቶች ጥርሳቸው ስለበለዘ ብቻ የፊቶቹን ስድስቱንም አልብሱን ይላሉ። መጀመሪያ የሚሞከረው ገጹን በስሱ ማጽዳት፣ ማንጣት ወይም በጥርስ ቀለም ሙሌት መሸፈን ነው። ቴክኒሺያናችን የስድስት ጤነኛ ጥርስ ልክ ሲደርሳቸው «እነዚህ ለምን ተሞረዱ?» ብለው የሚጠይቁ ሰው ናቸው፤ ጥያቄው ከደመወዛቸው ውጭ ነው።

ቀለም ጥርሱ ሳይሞረድ፣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ሊፕስቲክ ይመረጥ። አፍ ተከፍቶ የቆየ ጥርስ ደርቆ ስለሚነጣ በኋላ የተመረጠው ኤ1 (ነጣ ያለው የቀለም ቁጥር) ሳምንት ሳይሞላ ከጎረቤቱ ጥርስ ኤ3 (ጠቆር ካለው) ጋር ይጣላል።

ክዳኑ ከመጣበቁ በፊት ለመሞከር ሲቀመጥ ዝም አትበሉ። በሁለቱም ጎን የጥርስ ክር ሲገባ ጠበቅ ብሎ ጠቅ ማለት አለበት፤ ዘው ካለ ሥጋ ይሰካበታል፣ ጨርሶ እምቢ ካለ ክዳኑ አልተቀመጠም። ጠርዙን በራጅ አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም። ዚርኮኒያ ሲሞከር ምራቅ ስለሚነካው ውስጡ በደንብ ካልጸዳ ማጣበቂያው አይይዝም፤ በውኃ ብቻ አለቅልቆ መለጠፍ ክዳን የሚወልቅበት አንዱ ምክንያት ነው። ቤት ከገባችሁ በኋላ ያ ጥርስ ቀድሞ የሚነካ ከመሰላችሁ «ይለመዳል» ብላችሁ አትቆዩ፤ ተመልሳችሁ አስተካክሉት፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ቴክኒሺያናችን ታካሚ በቀጥታ አይቀበሉም፤ ስለዚህ ጥቆማችን ስልክ ቁጥር ሳይሆን አንድ ጥያቄ ነው። ሐኪማችሁን «ክዳኑን የሚሠራልዎ ሰው ልክ መልሶብዎት ያውቃል?» በሉት። «አዎ፣ አንዳንዴ ይመልስብኛል» ካላችሁ እዚያ አሠሩ። «በፍጹም» ካለ ግን ወይ ሐኪሙ የማይሳሳት ነው፣ ወይ ልኩን የሚያይለት ሰው የለውም።

እሳቸውን ደግሞ እናመሰግናለን። ሰኞ የምንልከውን ልክ ሁለት ጊዜ አይተነዋል፤ ቢመልሱትም አንቀየምም።